ለሞት ብቻ የተፈቀደ ጥሩምባ

የተከበራችሁ አባቶቻችን ካህናት፤ የኔታ አካለ ወልድ ከነደቀ መዛሙርትዎ፤ ጭቃውን ችላችሁ ከሮብ ገበያ የወጣችሁ ወገኖች፤ ከደጀን የደረሳችሁ ዘመዶች፤ የአስታ ሥር እድርተኞች፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼ፤ እቴ ሥራነሽ! እግዚአብሔር ያጽናሽ። እግዚአብሔር ሁላችንንም ያጽናን።

ፍትሐቱ አልቋል። አባቶች የድርሻቸውን ፈጽመዋል። እኔ ዓለምነው ነኝ፤ ለማታውቁኝ፣ የእድሩ ድንኳን ተካይ። ቢያድግልኝ ይለፍፋል፣ እኔ እተክላለሁ። ሥራችን ይኸው ነበር። እሱ ካልጠራ እኔን የሚፈልገኝ የለም። እኔ ካልተከልሁ እሱ የጠራው ሰው ዝናብ ይመታዋል። እንዲህ ተባብለን ኖርን፤ እንዲህ ተሰዳድበን ኖርን።

ተናገር ሲሉኝ እምቢ ብዬ ነበር። አፌ ለንግግር አልተሠራም፤ ካስማ ስመታ ከምሳደበው በቀር ብዙም አላወራ። ባለቤቱ እቴ ሥራነሽ ግን ጠዋት ጠርታኝ «አንተ ካልተናገርህ ሰዉ አልቅሶ ወደ ቤቱ ይገባል» አለችኝ። አልቅሶ ወደ ቤቱ ይገባል። ሰማችኋት? እኔም የቆምሁት ለዚህ ነው። ዛሬ አልቅሳችሁ ወደ ቤታችሁ እንዳትገቡ።

ቀና በሉና ጮቄን እዩት። ይታያችኋል? አይታይም። ጠዋት ግማሹ ይታይ ነበር፤ አሁን ዳመናው እስከ ገብሱ ማሳ ወርዷል። ስለዚህ አላረዝምም።

ለመሆኑ ቢያድግልኝ ማን ነበር? የነገን ነገር የምንሰማው ከማን አፍ ነበር? እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ እዚያ አጥሩ ጥግ ይቆማል፤ ገበያ ሲበተን መንገዱ አፍ ላይ ይቆማል። «የአስታ ሥር ሰው! መጪው ሰንበቴ የየኔዓለም ተራ ነው፤ የኔዓለም፣ ያለፈው ጠላህ ቀጥኖ ነበር፣ አደራ!» ይላል። «የማርያም ማኅበር እነ ወለተ ኢየሱስ ቤት ነው፤ ጉልበት ያለው እንጨት ይዞ ይምጣ፣ ጉልበት የሌለው ሆዱን ይዞ ይምጣ!» ይላል። ሰው ይስቃል። እየሳቀ ይሰማል። የሳቀ ሰው ደግሞ አይረሳም። የማንን ክርስትና፣ የማንን ተዝካር፣ የትኛውን ደቦ፣ ሁሉንም በቃሉ ነው የሚይዘው። ልጆቻችን ቴሌግራም ከፍተውልናል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ግን ኔትወርኩ ካለ አይደል? ቢያድግልኝ ግን ሁልጊዜ ነበረ።

እስኪ የአርሴማን ልጅ ክርስትና አስታውሱ። የነበራችሁ አላችሁ። እሱ እቴ፣ ደስ ሲለው ልክ የለውም፤ ክርስትናውን በአፍ ብቻ መጥራት አነሰበትና አፋፉ ላይ ወጥቶ ጥሩምባውን ነፋው። ነፍቶ አይጠግብም። ነፋሱ ደግሞ ከእኛ ወደ እሱ ነበር። ጥሩምባው ታች ሰፈር ደረሰ፤ ቃሉ ግን አልደረሰም። ከዚያስ? ታች ሰፈር ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ዋይ ዋይ እያለ፣ አርሴማ ደጅ ገባ! ወለተ ኢየሱስ ደረቷን እየደቃች «ማንን ወሰደብሽ ልጄ፣ ማንን?» ትላለች። አርሴማ ሕፃኑን ታቅፋ ወጣች፤ «ኧረ ማንንም! እኔ ወጥ ላይ ነኝ!» አለች። እኔም ከኋላ ድንኳን ተሸክሜ ደርሻለሁ። ቢያድግልኝ እኔን ሲያይ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ።

ሁሉም አልሳቀም። የአርሴማ እናት ፊታቸው ጠቆረ። «በልጅ ክርስትና ላይ ለቅሶ ገባ፤ ይኼ ሟርት ነው» አሉ። ነገሩ እድር ድረስ መጣ። እድሩም ተሰብስቦ ወሰነ። ምን ብሎ? ጥሩምባ ለሞት ብቻ! ለሰንበቴ፣ ለማኅበር፣ ለክርስትና፣ ለደቦ፣ በአፍ ይጠራ። ጥሩምባ የተሰማ እንደሆነ ግን ሰው ሞቷል ማለት ነው፤ እድርተኛ ሁሉ ለብሶ ይውጣ። እጅ አውጡ ተባለ፤ እጃችንን አወጣን።

ቢያድግልኝ ከጥግ ተነሣ። «እሺ፣ ተስማማሁ» አለ። «ግን አደጋ ሲመጣስ? እሳት ቢነሣስ፣ ጎርፍ ቢመጣስ በምን ልጥራችሁ?»

አንዱ ከመካከላችን፣ ስሙን አልጠራም፣ እዚሁ አለ፣ «እሱ ከመጣ ሞት አይቀርም፤ ያን ጊዜ ትነፋለህ» አለው። ሳቅን። ቤቱ ሙሉ ሳቀ። ቢያድግልኝ ግን አልሳቀም። የሰው ሁሉ አጫዋች ያን ቀን ብቻ ሳይስቅ ወጣ።

እንግዲህ ስሙኝ። ዘንድሮ ሰኔ ላይ፣ ድንቹ ገና ቅጠል ሲያወጣ፣ ጋራው ሥር ያለችው የወለተ ኪዳን በር አልዘጋ አለ። አናጢ ጠርታ በሩን አስላገችው፤ ተዘጋላት። ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ አልዘጋ አለ። አጥሯ ወደ ታች ዘመመ። ምንጩ ያለ ወትሮው ደፈረሰ። ሰዉ «ከብት ረግጦት ነው» አለ። ምን ዓይነት ከብት ነው ሌሊትና ቀን ምንጭ ውስጥ የሚውል?

የግብርናው ባለሙያ መጣ። ጋራው ላይ ወጣ፤ ቢያድግልኝም አብሮት ወጣ፤ እኔም ተከተልሁ። ድንቹ መካከል መሬቱ ተሰንጥቋል። ባለሙያው ዱላውን ወደ ስንጥቁ ቢሰድ ዱላው ገባ፤ ገባ፤ ከእጁ አምልጦ ሄደ። ሲወድቅም አልሰማነውም። ሰውየው ፊቱ ተለወጠ። «ዝናቡ በዚህ እየገባ ነው» አለ። «ከስንጥቁ በላይ ፈሰስ ቆፍራችሁ ውኃውን ወደ ሸለቆው ምሩት። ከሥር ያላችሁት ደግሞ ዝናብ ሲበረታ እዚህ አትደሩ።» በደንብ ነገረን። በደንብ ሰማን። ራሳችንን ነቀነቅን። እሱም ወደ ሥራው ሄደ።

ቢያድግልኝ «ይኼ የእኔ ሥራ ነው» አለኝ፤ መጥራቱን ማለቱ ነው። ጠራም። በአፍ ጠራ፤ ጥሩምባ ክልክል ነዋ። «የአስታ ሥር ሰው! ሰኞ የፈሰስ ደቦ አለ! ዶማና አካፋ ይዛችሁ ውጡ!» አለ። ምን አልነው? «ሰኞ ገብርኤል ነው፤ መሬት አይቆፈርም» አልነው። እሺ ብሎ ረቡዕ አለ። «ማርያም ነች» አልነው። ቅዳሜ አለ። «ቅዳሜማ ሰንበት! ቢያድግልኝ፣ ምነው ካደህ እንዴ?» አልነው። አላበደም፤ አልካደም። ቀን ይፈልግልን ነበር። በጭንቅ አንድ ባዶ ቀን አገኘ፤ ታቦት የሌለበት፣ ገበያ የሌለበት። ያን ቀን ደግሞ ቀብር ወጣ። ጥሩምባ ተነፋ። ያን ጊዜ ማን ቀረ? አንድ ሰው ቀረ? ለብሰን፣ ተሰልፈን፣ ግጥም ብለን መጣን! ለሞተ ሰው እግር አለን። ለቆመ ሰው እግር የለንም።

ከቀብር መልስ እሱና ሥራነሽ፣ ወለተ ኪዳንም ልጇን አዝላ፣ ወደ ጋራው ወጡ። ትንሽ ጫሩ። ምን ይሆናል? ጋራ በማንኪያ አይከለከልም።

ወደ ትናንት ልምጣ። መምጣት አልፈልግም ነበር።

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ሲነጋጋ ቢያድግልኝ ስንጥቁን ሊያይ ወጣ። ያየውን ማንም አላየም፤ እሱም አልነገረንም፤ ጊዜ አልነበረውም። ሲወርድ ወለተ ኪዳን ደጅ ቆማ አይታዋለች፤ ጥሩምባውን አፉ ላይ አድርጎ እየሮጠ ነበር ትላለች። ነፋው። ሁላችንም ሰማነው። አልሰማሁም የሚል አለ? እንደዚያ ተነፍቶ አያውቅም። ታዲያ ሰምተን ምን አደረግን?

«ማን ሞተ?» አልን።

ከአጥር አጥር ተጠራራን። «ማን ሞተ እናንተዬ? ታሞ የነበረ አለ?» ሴቶቹ ነጠላ ፈለጉ። ወንዶቹ እግራቸውን ታጠቡ፤ ሰው ፊት በጭቃ እግር አይወጣማ። እኔ ወደ ዕቃ ቤት ሮጥሁና ድንኳን አወጣሁ። ጋራ እየወረደ፣ እኔ ድንኳን! እድሩ ያዘዘንን ነው ያደረግን። አንድም ሰው ሕግ አልጣሰም።

እሱ ወለተ ኪዳን ቤት ገባ። እሷም እንደ ሁላችን «ማን ሞተ?» አለችው። «ማንም አልሞተም! ውጭ!» ብሎ ልጆቿን በብብቱ ይዞ ወጣ፤ ወንዙን አሻግሮ አስቀመጣቸው። እዚያ መቆም ይችል ነበር። ልጆቹን ይዞ እዚያው ቢቆም ማን ይወቅሰው ነበር? እኛ ዛሬ እዚህ ባልቆምን።

ተመለሰ። አያ ገዳሙ ቤት ገባ። አያ ገዳሙ፣ ይፍቀዱልኝ፤ እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ ከእኔ ይልቅ ትናንት ያለቀሱት እርስዎ ነዎት። አያ ገዳሙ ንጹሕ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ በር ላይ ደርሰው ነበር። ለጎረቤት ቀብር እንደሚወጣ ጨዋ ሰው። «ቢያድግልኝ፣ የማን ቀብር ነው?» አሉት። እሱ በሁለት እጁ ከኋላ ገፋቸው። ከካቡ ወዲያ ወደቁ። ቀና ሲሉ ቤት የለም። ቢያድግልኝም የለም። አፈር ብቻ ነው፤ አፈሩም ገና ይሄድ ነበር።

የማን ቀብር እንደሆነ ያን ጊዜ ታወቀ።

ቆፍረን አወጣነው። እንዴት ቆፈርን እናንተዬ! ዶማ ያጣ በእጁ ቆፈረ። ያን ያህል ጉልበት የት ነበረን? ያን ያህል ሰው የት ነበረን? ጥሩምባው እስከ አሁን አልተገኘም። ከአፈሩ ሥር አለ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ደስ አይላችሁም። ትናንት ወደ ማታ ባለሙያው ተመልሶ መጥቷል። ስንጥቁ ረዝሞ ከቀሩት ቤቶች በላይ ዞሯል። «የቀረው ከመጣው ይበልጣል» ነው ያለው። የቀረው ከመጣው ይበልጣል። የቀረው ከማን በላይ ነው ያለው? ከወለተ ኪዳን ቤት በላይ። ከአያ ገዳሙ የበሬ ጋጣ በላይ። ከቢያድግልኝ ከራሱ ቤት በላይ።

ዛሬ ጠዋት የእድሩ ዳኛችን ፍሥሐ «ድንኳኑን ቢያድግልኝ ደጅ ትከለው» አሉኝ። ወጉ ነው። ሟች ቤት እያለው ሜዳ ላይ አይለቀስለትም። እኔም ወጉን አውቃለሁና ተሸክሜ ሄድሁ። የመጀመሪያውን ካስማ አቁሜ መምታት ጀመርሁ። አንድ ጊዜ መታሁት። ሁለተኛ አላስፈለገም፤ ራሱ ገባ። ከሥሩ ውኃ ወጣ። ቆሜ አየሁት። ዕድሜዬን ካስማ መትቻለሁ፤ መሬት እንዲህ ሲውጥ አይቼ አላውቅም።

ሥራነሽ ከቤት ወጣች። ፀጉሯን ተላጭታለች፤ ድምፅዋ ጠፍቷል። «ዓለምነው፣ ምን ልታደርግ ነው?» አለችኝ። «ለቅሶ መቀመጫ» አልኋት። «ባሌን የበላው ጋራ ሥር አገሩን ሁሉ ሰብስበህ ልታስቀምጥልኝ ነው?» አለችኝ።

አገሩን ሁሉ! እስኪ አስቡት። ሠልስቱ እስኪወጣ፣ ቀንም ማታም፣ ካህኑ፣ አሮጊቱ፣ ጡት የሚጠባው፣ ሁሉም እዚያ ድንኳን ውስጥ። እዝን ይዘን፣ አንገታችንን ደፍተን፣ በወግ በማዕረግ። ዝናቡ ከላይ። ጋራው ከኋላችን። ያን ጊዜ ማን ይጠራናል? የሚጠራን ይኸው እዚህ ተኝቷል።

ነቀልሁት። ድንኳኑ አሁን ያለው ከጋራው ርቆ፣ እዚሁ የኪዳነ ምሕረት ሜዳ ላይ ነው። ስትመጡ አይታችሁት «ይኼ ምንድን ነው?» ስትሉ ሰምቻለሁ። አሁንም ከወደኋላ ታጉረመርማላችሁ፤ ይሰማኛል። ነውር ነው? ነውር ይሁን። ነውሩን ሥራነሽና እኔ ተሸክመነዋል። ለሟች ብዬ አልተከልሁትም። ዛሬ ማታ ከጋራው ሥር የምትነሡት ትገቡበታላችሁ።

እንግዲህ እሱ ስለሌለ እኔ ልለፍፍ። ድምፄ እንደ እሱ አይደለም፤ ጆሮ ስጡኝ።

የአስታ ሥር ሰው! የየኔዓለም ሰንበቴ በቀኑ አለ። የአርሴማ ሁለተኛ ልጅ ክርስትና ፍልሰታ ሳይገባ አለ፤ ቢያድግልኝ ሊጠራው ተዘጋጅቶ ነበር። ሁሉም አሉ። ግን እነሱ ላይ ለመድረስ ዛሬን ማለፍ አለብን። ዛሬ ምን አለ? ዛሬ ከጋራው ሥር የሚያድር ሰው አይኖርም፤ ከብትም አይኖርም። ዛሬ ከዚህ ተነሥተን፣ ብርሃኑ ሳያልቅ፣ ከስንጥቁ በላይ ፈሰሱን እንቆፍራለን።

ምን? ማን ነው ያለው? «ዛሬ ባለ እግዚአብሔር ነው።» አዎ፣ ነው። በዓል ነው፤ መሬት አይቆፈርም። እሺ። ይኼን ጉድጓድስ ማን ቆፈረው? ጠዋት በበዓሉ ቀን ስትቆፍሩት ማን ቆጣችሁ? ለሞተ ሲሆን ይቆፈራል፤ ሰው እንዳይሞት ሲሆን አይቆፈርም? የኔታ፣ እርስዎ ይፍረዱ። እኔ ካስማ መቺ ነኝ፤ መጽሐፍ አላውቅም። በሰንበት ጉድጓድ የገባ በሬ አይወጣም ወይ?

አያችኋቸው? የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይወጣል።

ስለ በሬ ካነሣን፣ አያ ገዳሙ፣ ወደ እርስዎ ልምጣ። ጠዋት ምን እንዳሉኝ ለሰው ልናገር ነው፤ ይቅርታዎን። «ቤቴ ቢሄድ ጋጣዬ አለ። ከአባቴ ቦታ አልነቀልም፤ ከበሬዎቼ ጋራ አድራለሁ» ብለውኛል። አከብርዎታለሁ። የአባት ቦታ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አያ ገዳሙ፣ በሁለት እጁ ገፍቶ ያወጣዎት ሰው ይኸው ነው። ይዩት። ሳጥኑ አልተከደነም ብለው ያስቡ። ዛሬ ማታ እዚያ ጋጣ ገብተው ቢተኙ፣ እሱ ለምን ሞተ? ለምን ተመለሰ? ልጆቹን ይዞ ወንዙ ማዶ መቆም ይችል ነበር ብያችኋለሁ እኮ። ለእርስዎ ነው የተመለሰ። ለማንም አይደለም፤ ለእርስዎ ነው። ከእኔ ምንም አልፈልግም ቢሉኝ ግድ የለኝም። እሱን ግን እምቢ አይበሉት። ፊቱ ቆመው እምቢ አይበሉት።

መልስ ይስጡን፣ አያ ገዳሙ። ሰዉ ሁሉ እርስዎን እያየ ነው። እርስዎ ከገቡ ሌላውም ይገባል፤ እርስዎ ከወጡ ሁሉም ይወጣል።

ምን አሉ? ጮክ ይበሉ፤ እሱም ይስማዎት።

«በሬዎቹን አውጡልኝ» አሉ። ሰማችሁ? «በሬዎቹን አውጡልኝ» ነው ያሉት! ዕድሜ ይስጥልኝ አያ ገዳሙ። አንተ ልጅ፣ ምናለ፣ ሂድ፤ ቀብሩን አትጠብቅ፤ አሁኑኑ ፈትተህ አምጣቸው። ወለተ ኪዳን፣ አንቺም ሂጂ፤ የምታወጪውን አውጪ፤ በሩን ለመዝጋት አትልፊ።

ቢያድግልኝ፣ ወንድሜ። ሰዉ ሁሉ መጥቷል። አንድም የቀረ የለም። ብታይ ደስ ይልህ ነበር፤ ትሰድበንም ነበር። የምልህ ብዙ ነበረኝ፤ ግን ዝናቡ ጀመረ፤ እጄ ላይ ጠብ አለብኝ። ሥራነሽን አንጥላትም። ነፍስህን በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልህ። ደህና ሁን። ደህና ሁን፣ የእኔ ጌታ።

እናንተ ወንዶች፣ አፈሩን ቀስ አድርጋችሁ መልሱበት፤ ትናንት ያለ ልክ ተጭኖታል። ስትጨርሱ አካፋዎቹን እዚህ አትጣሏቸው። ይዛችኋቸው ተከተሉኝ።